የብራ ቀን መኪና

በካናዛዋ ከተማ፣ ከባሕሩ በላይ ደመና ሲመጣ፣
«ምሳህን ብትረሳ እርሳ፣ ያለ ጃንጥላ ግን አትውጣ»
ይባላል። እኔም በዚሁ አባባል ያደግሁ ሰው ነኝ፤
ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩኝ።

ጎረቤቴ ቺዙሩ ፒያኖ ቃኚ ናት።
ዝናብም በረዶም የማይበግራት አንዲት ቫን አለቻት፣
እንደ ማቀዝቀዣ ነጭ፣ እንደ ማቀዝቀዣ ታማኝ፣
ማንም ዞር ብሎ የማያያት።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ፣ ደብተር ከኪሷ መዝዛ
«ሁለተኛ መኪና» አለችኝ፣ «ለብራ ቀን ብቻ ልገዛ።»
እንደ ልማዴ ሒሳቧን ተቀምጬ ሠራሁላት፤
ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የጎማውን ደመርኩላት፣
ዝናብ ባልጣለባቸው ቀኖች አካፍዬ አሳየኋት።
«አንዷ የፀሐይ ቀን» አልኳት፣ «የሆቴል እራት ታወጣለች!»
«ታዲያ ረከሰች» አለች።
«ሆቴሉ ጣሪያ አለበት።»

ኩራሚትሱ ከሚባል ሻጭ ዘንድ አብሬያት ሄድኩኝ፤
ለምስክርነት ነው አልኩ፤ ላስቀራት ነው መሰለኝ።

የመጀመሪያዋ ብርማ፣ ጠፍጣፋ፣ ሦስት መቶ ፈረስ ጉልበት፤
በሯ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ የካዝና በር ዓይነት።
እኔ ካዝናውን ወደድኩት።
እሷ ግን ቀይ መብራት ላይ፣ ሦስተኛው ቀይ መብራት ላይ፣
«ይሄ ሁሉ ፈረስ» አለች፣ «ተሰልፎ ሲጠብቅ ሲታይ
አያሳዝንም ወይ?»

ሁለተኛዋ ቀይ ናት። ቆንጆ ናት፣ ማን ይክዳል፤
የጥርስ ሐኪማችን አለው፣ አማቹም እሷኑ ይነዳል።
መሪዋ ቅቤ ነው፤ ወንበሯ ሰው ያቅፋል።
ዞራ ተመለሰችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤
«መልካም ናት» ብቻ አለች፣
መልካም ሰው አላገባም ያለች ልጅ መሰለች።

ከዚያ ከጓሮው ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ኋላ፣
ዓይኗ የእንቁራሪት፣ ቀለሟ ሰናፍጭ፣
ሞተሯ አንድ ሊትር የማይሞላ።
ጣሪያዋ በእጅ ተፈትቶ ከኋላ ሣጥኗ ይገባል፤
እሱ ከገባ ወዲያ አንድ ብርቱካን ቢገባ ነው፣
ሁለተኛው ይጨንቀዋል።
ኩራሚትሱ አፍሮ «ይቺ እንኳ…» ሲል አቋረጠችው፤
«ቁልፏን» አለችው።

ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።
እሷ መቃኛ ሹካዋን ከደረት ኪሷ አወጣች፣
በጉልበቷ መትታ ጆሮዋ ሥር ያዘች፣
በቀኝ እግሯ ነዳጁን ቀስ እያለች ረገጠች፣
አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች።
«ላ ናት፤ በጸጉር ታህል ወርዳለች።»
«እናስተካክላለን!» አለ ሰውዬው።
«እንዳትነኳት!
ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የወረደውን ማቅናት ነው፤
ወደ ቤት ስመለስ አንድ ያልተቃና ነገር ይኑረኝ፣ ልስማው።»

ተፈራረሙ። ዘጠኝ ቀን ዘነበ።
ማታ ማታ ከጋራዧ ቀጭን መብራት ይታየኛል፤
በቆመች መኪና ውስጥ ማርሽ ስትለዋውጥ ይሰማኛል።

በዐሥረኛው ቀን ማለዳ፣ ሰማዩ ታጥቦ ሲወጣ፣
በሬን መታች፦ «ሃኩይ ፒያኖ ይጠብቀኛል፤
ባርኔጣ አድርገህ ውጣ።»
የመሣሪያ ቦርሳዋ ወንበሬ ላይ በቀበቶ ታስሮ ነበር፤
ፈትታ ጭኔ ላይ አኖረችው፣
እንደተኛ ሕፃን ይከብደኝ ጀመር።

ከተማው አለቀ። ባሕሩ በግራ፣
መኪና የሚችል አሸዋ፤
አርባ ኪሎሜትር በሰዓት፣ እንደ መቶ አርባ የሚያስፈራ።
የተጠበሰ ዛጎል የምትሸጠው ሴትዮ እጇን አውለበለበች፤
ለነጯ ቫን አንድም ቀን እንዲህ አላደረገች።
በልቤ ማካፈል ጀመርኩ፣ ልማድ ነው፤
ሁለተኛው አሃዝ ላይ ነፋስ ወሰደው።

ሦስት ኪሎሜትር ሲቀረን ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።
እሷንም ሳታገኛት አልቀረችም፤ መነጽሯን በክንዷ አበሰች።
ጣሪያው ከኋላችን ነው። መቆሚያ ሰፊ ቦታ አለ።
ማናችንም አልተናገርንም።
ማርሹን አንድ ቀነሰች፤ ያ የወረደው ላ ከፍ አለ።
ቦርሳዋን አቅፌ ጎንበስ ስል ጃንጥላዬ ትዝ አለኝ፣
ቤት፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ።

ምሳዬን ግን ይዣለሁ።