አርባ ሦስት ከመቶ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ስልኬ ተንጫረረ፤
የዊኒፔግ ውርጭ መስኮቴ ላይ ጥርሱን ሲያፋጭ አደረ።
ማሪቴስ ናት፣ ነርሷ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፦
«መኪናዬ እምቢ አለች። ቁልፉ ይሠራል፣ ባትሪው ይሠራል፣
‹ቆዪ› ትለኛለች።»

የባትሪ ገመድ፣ ባውዛ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ፣
በአሮጌው የኦሬስት ፒካፕ በረዶ ለበረዶ ተጉዤ፣
ሴልከርክ ጎዳና ደረስኩ። ከደጇ ቆማለች፣
የሆስፒታል ልብሷን በሁለት ካፖርት ጠቅልላለች።

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ዕዳዋ ገና አምስት ዓመት የቀረው።
በሩ ይከፈታል፤ መሪው ግን ታስሯል። ሰሌዳው ላይ የበራው፦
«አዲስ ሶፍትዌር በመጫን ላይ። አርባ ሦስት ከመቶ።
እባክዎ ይታገሡ።»
ባለቤት ከውጭ ቆሞ፣
እሱ ከውስጥ ተኝቶ።

ደጅ ጥናት ያለፈበት የመኳንንት ወግ ይመስለኝ ነበር፤
እልፍኝ አስከልካይ «ጌቶች አልተነሡም» የሚልበት በር።
ለካስ አሁንም አለ፤ ሰው በብድር በገዛት መኪና
ቁልፉን ጨብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ደጅ ሲጠና።

ኮፋኖውን ከፈትኩ፤ ከሥሩ ሌላ ክዳን አለ፣
ጥቁር ፕላስቲክ፣ እንደታሸገ ደብዳቤ «ለአንተ አይደለም» ያለ።
ስሞቹን የተማርኩት ናዝሬት ጋራዥ ነው፤ ማዳመጡን ከኦሬስት፦
«ካቻቢቴህን ብረቱ ላይ ትከል፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ። ጸጥ በል፤ ሞተር አያውቅም ሐሰት።»
ኩሽኔታ ሲያለቅስ፣ ቺንጊያ ሲላላ፣
ካንዴላ እሳት ሲነፍግ፣ ማርሚታ ሲያጉረመርም በኋላ፣
ሁሉም ድምፅ ነበረው።
እዚህ ብተክል ግን የሰማሁት
የራሴን ደም ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ ሲመላለስ።

ኩባንያው ጋ ደወልን። ሙዚቃ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ።
ከዚያ አንድ ልጅ፣ ትሑት፣ ድምፁ የታጠበ ዕቃ፦
«የሻንሲ ቁጥር? አሥራ ሰባቱንም... የሚያናግሩኝ ባለቤቷ ናቸው?»
«መካኒክ ነኝ።»
«ይቅርታ ጌታዬ፣ ፈቃድ የለዎትም።»
ፈቃድ! ከጥፍሬ ሥር ያለው ግሪስ በሃያ ዓመት ሳሙና አልለቀቀም።

ልራገም ነበር። አፌን ስከፍት፣ ብርዱ ጥርሴን ሲመታው፣
የኅዳሩ ነገር መጣና ምላሴን ገታው።

ሚስተር ፍሪዘን፣ ጡረተኛ፤ ሰሌዳቸው ላይ ቀይ በርቶ፣
«የፊት ግራ ጎማ» ይላል። ነዳኋት፤ አዳመጥኳት፤ ድምፅ የለም ከቶ።
«ማሽኑ ይዋሻል» ብዬ መብራቱን አጠፋሁላቸው፣
ሃያ ዶላር ተቀብዬ በፈገግታ ሸኘኋቸው።
በሦስተኛው ቀን ያ ጎማ፣ ከነኩሽኔታው ተገንጥሎ፣
የታጨደ ስንዴ ማሳ ውስጥ ተገኘ፣ በረዶ ላይ ተንከባሎ።
ሰውየው ተርፈዋል። ደውለው አልወቀሱኝም።
እኔም ለማንም፣ ለኦሬስትም አልተናገርኩም።

«ነይ» አልኳት፣ «ፒካፑ ውስጥ ግቢ። ስንት ሰዓት ነው ፈረቃሽ?»
«አንድ ሰዓት። የሌሊቷ ነርስ እኔ ሳልደርስ አትወጣም።»
ፒካፑ ሳለ፣ ሰደበን፣ እንደገና ሳለ፣ ተነሣ።
ድልድዩን ስንሻገር ስልኳ ጮኸ፤
ሳቋ እያቋረጣት አነበበችልኝ፦
«መኪናዎ ዝግጁ ናት። መልካም ጉዞ።
የወንበር ማሞቂያ ለሠላሳ ቀን በነፃ።»
እኛ የተቀመጥንበት ወንበር ቆዳው ተቀዶ
ስፖንጁ በረዶ ሠርቶ ነበር።

ጋራዥ ስገባ ኦሬስት አልመጣም።
መመርመሪያ ኮምፒውተሬ፣ ዛሬ ዛሬ ያለ እሱ ፍሬን እንኳ የማልፈታው፣
በጨለማው ብቻውን በርቶ ይጠብቀኛል፦
«አዲስ ነገር አለ። አሁን ልጫን ወይስ ማታ?»

ካቻቢቴዬን አውጥቼ ጀርባው ላይ ተከልኩ፤
እጀታውን ጆሮዬ ላይ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከሆዱ ውስጥ፣ ከማራገቢያው፣ ምስር የምታህል ኩሽኔታ
ዘይት ደርቆባት ታለቅሳለች።
«ማታ» የሚለውን ነካሁ።
ዘይት ፍለጋ ሄድኩ።