ከሥሩ የቀረ አውራ ጣት

አባቴ ስሙ ይስማው፣ ሥራው ማመልከቻ፣
ቦታው የፍርድ ቤቱ አጥር፣ የዋርካው ዳርቻ፤
በሽቦ የታሰረች አንካሳ ጠረጴዛ፣
ከላይዋ የቀለም ዕቃ፣ በጨረታ የገዛ።
የእንግሊዝ አገር ሸክላ፤ ነጭ፤ ሰማያዊ ድልድይ፣ ጀልባ፣
ሁለት ቀዳዳ ለብዕር፣ አንድ ጉድጓድ ቀለም የሚገባ።
ጀልባዋን ታንኳ እላት ነበር፣ ልጅ ሳለሁ፤
ቀዛፊው ፊት የለውም፣ ነጥብ ነው፤ ግን አውቀዋለሁ።

ዳኛ ሲያልፍ ይቆማል፦ «ይሄ ዕቃ ይሸጣል?»
አባቴ፦ «ጌታዬ፣ እንጀራዬ ተሽጦ ምን ይበላል?»

ሐምሌ ነው። ከወራሚት በኩል መጣች አንጓች፣ ገንቦ ሠሪ፣
ከወንበሩ ራቅ ብላ፣ ዓይኗ እንዳይታማ ፈሪ።
«ጭቃ የማወጣበት የሐይቁ ዳር ታጠረ፤
ሎጅ ይሠራል አሉኝ፤ ሽቦው ተወጠረ።»
አባቴ «ለክቡር» ይላል፣ ይጽፋል፣ ይነክራል፤
የሷ ዓይን ግን ዕቃው ላይ ይቀራል።

«ጭቃ ነው?»
«ፖርሲሊን ነው» አለ አባቴ፣ ቀና ብሎ።
«ጭቃ ነዋ።» በጥፍሯ መታ አደረገችው፣
ጆሮዋን አዘነበለች። «በስሏል። ደህና አድርጋ ተኩሳዋለች።»

ሳንከለክላት ገለበጠችው፣ ቂጡን ልታይ፤
ቀለሙ ቴምብሩ ላይ፣ «ለክቡር» ላይ፣
የአባቴ ሱሪ ላይ።
አባቴ አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮኽኩት።
«ና እይ» አለችኝ። ሄድኩ፤ አየሁት፤
ቅቡ ሳይደርቅ፣ ከሥሩ የቀረ አውራ ጣት፣
ትንሽ፣ የሴት፤ ተቻኩላ፣ ምናልባት ልጅ አልቅሶባት።
አንጓች ቀለም የነካው ጣቷን አሳረፈችበት።
ልክ ነው።
ዝም አለች። ቆይታ፦
«እሷንም ቡዳ ይሏት ነበር?»

አንቀጽ በቃሉ የሚወጣ አባቴ
ለዚህ አንቀጽ አጣ።
አዲስ ወረቀት ሳበ፤ የተረፈውን ጠብታ ቃረመ፤
ቀድሞ «የቤት እመቤት» ብሎ የሸሸገላትን ሙያ
«ሸክላ ሠሪ» ብሎ፣ በትልቁ፣ ደገመ።
ፊርማ አታውቅም። ጣቷ እንደሆን ቀለም አልጎደለውም።

መዝገቡ ተቀጠረ፣ ተቀጠረ፤ ዳኛው ተቀየረ፤
አጥሩ እንዳለ ነው፤ ዘንባባ ብቻ ተጨመረ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ዕቃው እኔ ዘንድ አለ፤
በፎቶ ኮፒ ቤቴ አግራፍና ሳንቲም ይዞ ዋለ።
መብራት ሲጠፋ ባዶ አድርጌ እገለብጠዋለሁ፤
አውራ ጣቴን በጨለማ እሞክራለሁ።
አይገጥምም። የኔ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ፣ ወረቀት የለመደ።
መብራት ይመጣል። ሳንቲሙን
አንድ በአንድ
እመልሳለሁ።