ውል

ግሌንዳ ፍሪሰን፣ የልጄ ወኪል፣
ሰኔ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ዝናብ ልጣል ሲል፣
ጫማዋን አራግፋ ገብታ ከማድ ቤት፣
አኖረች ጎን ለጎን ሁለት ወረቀት።

አንዱ ወፈር ያለ፣ ባለ ሦስት ዓመት፣
ከትልቁ ሊግ ነው፣ ከነሙሉ ስሙ፣
ኔስተር ህናቲዩክ፣ አምሮበት ቀለሙ።
ሌላው ስስ፣ የአንድ ዓመት፣ ከታችኛው ሊግ፤
የሌሊት አውቶቡስ፣ የመስኮት ጥግ፣
ክፍያው ከወዲያኛው ሩቡን የማይሞላ፣
ከተማው የወረቀት ፋብሪካ፣
ወንዙ የሚሸት የእንጨት አተላ።

ኔስተር አላነበበም። ቀድሞ አንብቦታል፣
በስልኩ፣ በሌሊት፣ እኔ ሳልሰማው፤
እስክሪብቶ አነሣና ስሱን ፈረመው።

"ተሳሳትክ፣" አልኩት፣ "ያኛው ነው።"
"አልተሳሳትኩም።"

ንዴቴን ልናገር፣ ምን ይደበቃል!
የሳስካችዋን ሜዳ ብርዱን ማን ያጣዋል?
ሞተሩን ሌሊቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣
አርባ ከዜሮ በታች፣ ግማሽ በረዶ ሆኜ፣
ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ ነድቼ ያደረስኩት፣
አምና በስድስተኛው ዙር
ስሙ ሲጠራ ጮኼ ውሻ ያስበረገግኩት፣
ለዚህ ነው?

ግሌንዳ ሻይዋን አማሰለች፣ ስኳር የሌለውን።
"በመጪው ሰኔ፣" አለች፣ "መብቱ ይለቀቃል፤
የፈለገው ሁሉ በሩን ያንኳኳል፤
ማንም ላይፈልገው፣ እሱም ይቻላል።"

ያን ጊዜ ኔስተር፣ ዐይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፦
"አባዬ፣ ያን ዓመት፣ ስንዴው ገና ቡቃያ፣
ሸጠኸው አልነበር፣ ሳይደርስ ገበያ?
ዋጋው እጥፍ ሲሆን፣ አጨዳው ሲጀምር፣
ኮስቲንኮች ሲገዙ ቀይ ኮምባይነር፣
አንተ በፈረምከው፣ በዚያው በድሮ ዋጋ፣
ስትጭን አየሁህ እስኪመሽ፣ እስኪነጋ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የጎተራው በር ላይ፤
ደረሰኙን በጥርስህ ነክሰህ፣ አፍህን ሳላይ
እንዳዘንክ ዐወቅሁኝ።"

"ይህ እኮ ስንዴ አይደለም፣" አልኩ።

"ነው እንጂ፣" አለኝ። "ስንዴው እኔ ነኝ።

ወደ ግራ ስዞር ዛሬም እዘገያለሁ፣
ትከሻዬ ሳስቷል፣ ራሴን ዐውቃለሁ፤
በዛሬው ሚዛኔ ለሦስት ዓመት ከምሸጥ፣
ለአንድ ዓመት በርካሽ፣ በራሴ ልሩጥ።"

"ስንዴ ከሆንክማ በረዶ ይመታሃል!"
ሳቀ። "በረዶስ፣ አባዬ፣ ከልጅነት ያውቀኛል።"

መልስ አጣሁ። እናቱ ብድግ አለችና
ወፍራሙን ወረቀት ከሻይ ጠብታ አዳነችው፣
እንደ ሟች ፎቶግራፍ በስሱ አጥፋ
መሳቢያ ከተተችው።

*

ኅዳር ላይ ሄድኩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ነዳሁ።
ያ የወንዝ ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ፣
ከዚያ ግማሽ ባዶ፣ የሚያስተጋባ አዳራሽ።
ልጄ አግዳሚው ጫፍ፣ ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት፤
ሰባት ደቂቃ ነው የገባው በዚያ ሌሊት።
አንዴ ጥቁሯን ሩር ይዞ ወደ ግራ ሲዞር፣
ወደቀ።
ከኋላዬ አንዱ ሳቀ፤ በሆዴ ስንት ነገር!
መሳቢያው ትዝ አለኝ፤ ወፍራሙ ወረቀት
እቤት ተጋድሞ፣ እኔን ሲታዘበኝ።

ተመልሶ ተቀመጠ፣ ጎንበስ አለ፣ የጫማው ክር ላልቷል።
ድሮ እኔ ነበርኩ እግሩ ሥር ተንበርክኬ
የማስርለት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጭንቅ በጥብቅ፤
"ላላ አድርገው፣ አባ፣" ይለኝ ነበር።
"ቁርጭምጭሚትህ ይሰበራል፣" እለው ነበር።
ማናችን ትክክል እንደነበርን እስከ ዛሬ አላውቅ።

ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ አወለቀ፣
የተተበተበውን ክር በጣቱ ዳበሰ፣ ፈታ፣
ውሉን አገኘና አሰረው፤
ላላ አድርጎ ይሁን ወይ አጥብቆ፣
ከመቀመጫዬ አይታይም ነበር፣
ርቆ።