ስድስት ያጎደለ ደወል

በቅዱስ ጳውሎስ ጎዳና፣ በኩቤክ፣ በጥር ብርድ፣
ወንዙ በረዶ አዝሎ በመስኮታችን ስር ሲሄድ፣
ሁለት ሰዎች አንድ ሳጥን እያቃሰቱ አስገብተው፣
«ቀስ!» ሲላቸው ኦዲሎን፣ ወጡ ፊርማ ተቀብለው።

ገለባውን ስገልጥ መጀመሪያ ክርን፣ ቀጥሎ ትከሻ፣
ከዚያ ያዘነበለ አንገት፣ የክፍት መጽሐፍ ዳርቻ፤
እንደ ጥንት የሮማ ሴት ኩታዋን ያጣፋች፣
የሰዓቱን ከበሮ ተደግፋ የተቀመጠች፤
ሁለት መቶ ዓመት ስታነብ አንድ ገጽ ያልገለጠች።

እኛ ወርቅን ከሰም ስር ፈልገን ነው ያደግነው፤
የፓሪስ ሰው ግን ሰሙን አቅልጦ ደፋው፣
በቦታው ነሐስ ሞላ፣
ወርቁን ለእንግዳ ዓይን ከውጭ አሰጣው።
ታዲያ ምስጢሯ የት አለ ብዬ በጀርባዋ ዞርኩ፤
ክዳኑን ከፈትኩ፣ በባትሪ አየሁ፤
ይህ ሁሉ ነሐስ፣ ይህ ሁሉ ግርማ
ጊዜውን የሚጠብቀው በአንድ የሐር ክር ነው፣
የልጅ ጥርስ ከሚነቀልበት የማይወፍር።

በነጩ ገበታ ላይ በጥቁር የተጻፈው የሻጩ ስም ነው፤
የለባጩን ማን ጻፈው?
ወርቅ ከባዜቃ ለውሶ፣ ቀብቶ፣ ፍም ላይ ሲያዞራት፣
ወርቁ እሷ ላይ ቀረ፤
የተነነው ባዜቃ እሱ ሳንባ ውስጥ አደረ።
ጣቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥርሱ ሲወላልቅ፣
እሷ ከሰው እልፍኝ ታበራለች፣ ሳታውቅ።
ስለዚህ በሳሙና ውሃ፣ በጥጥ፣ እንደ አራስ ልጅ ነው የማጥባት፤
«እንዳትፈትጊ» ይላል ኦዲሎን፣ «ያ ሰው ነው ያለባት።»

ከሳጥኑ ግርጌ ወረቀት ነበር፤ ጸሐፊው ፋቢየን ቱርኮት።
«የእናቴ ናት። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት፣
ከዚያ ወዲህ ትሳሳታለች፤
መርፌዋ ዐሥር ሲል አራት ትመታለች።
ትታረምልን።»

ኦዲሎን ሳቀ። «ሁለት ልብ አላት፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆጥራል፤
ቆጣሪው መርፌውን አያይም፤
ከአራት ቀጥሎ አምስት እንዳለ ብቻ ያውቃል።
አንዴ ከሳተ፣ ስህተቱን እንደ እውነት ጠብቆ ይዞራል።»

ይህን ሲል ዐሥር ሞላ። አራቴ መታች፣ ጥርት አድርጋ።
«በእኔ ቋንቋ» አልኩት «ትክክል ናት፤ አራት ሰዓት ነው፤
እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው።»
የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ወንዙን አየ፤
ዘግይታ የወጣችውን የጥር ፀሐይ አየ፤
«እንግዲያው» አለ «የተሳሳተው መርፌው ነው?»

ግን ተከፍሎናል። መንጠቆውን በጣቴ እያነሳሁ
ከነግማሾቹ ሃምሳ አንድ ምት አስቆጠርኳት፤
ከመርፌዋ አስታረቅኳት።
ሐሙስ ዕለት መጥተው ወሰዷት።

ቅዳሜ ስልክ ጮኸ። ማዳም ቱርኮት ራሷ ናት።
«ልጄ ደግ ነው» አለች። «አሁን በትክክል ትመታለች፣ ሰማኋት።
ሰባት ዓመት ግን፣ ሌሊት ነቅቼ ዘጠኝ ስትመታ
ስድስት እቀንስላት ነበር፤
ጠዋት ሁለት ስትል ስድስት እደምርላት ነበር።
ሥራ ነበረኝ።
አሁን ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ አለቀ።
ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው የገባ ይመስለኛል።»

ኦዲሎን ስልኩን ዘጋ። ምንም አላለኝም።
ካፖርቴን ከማንጠልጠያው አወረደ፣
ትንሿን መፍቻ ኪሱ ውስጥ ከተተልኝ።

ወጣሁ። በረዶው ጉልበቴ ድረስ ነው።
እየሄድኩ አሰላሁ፤
ከዐሥር ተነስቶ አራት ላይ ለመድረስ፣
ከነግማሾቹ፣
ሠላሳ ዘጠኝ።