አራቱ ሣህሉ

ማዘጋጃ ቤታችን፣ ከጠረጴዛ ሥር፣
ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ የሚያንኮራፋ አሮጌ ኮምፒውተር፤
በባትሪ ታዝሎ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ማንም አላጠፋው፤
«ከጠፋ አይነሣም» ብሎ አቶ ይርሳው
በቀይ እስክርቢቶ ጽፎበት ሄዷል፤
የይለፍ ቃሉንም ይዞ አብማ ማርያም ወርዷል።

ስሙ ነው ይርሳው፤
እሱ ግን የረሳው
አንድ ሰው የለም፣ አንድ ጓሮ፣ አንድ አጥር፤
የደብረ ማርቆስን ጭቃና ቆርቆሮ በእጁ ሲቆጥር
ከወረቀቱ ጋር አብሮ ነበር የወየበ።

አሁን እኔ መጣሁ፤ የሦስት ወር ቅጥር ነኝ፤
«መረጃ አሸጋጋሪ» የሚል ባጅ ያለኝ።
ከአሮጌው ጋን ወደ አዲሱ ጋን ስገለብጥ፣
አተላውን አስቀርቼ ጥሩውን ልመርጥ።

«ከመስከረም ጀምሮ ወረቀት ቀርቷል»
የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጥፏል።
«መረጃው ደመና ላይ ነው» አሉን የአዲስ አበባ ልጆች፤
ደመናንስ እናውቃለን፣ እኛ የጮቄ ጎረቤቶች፤
ሲሻው በረዶ ያወርዳል፣ ሲሻው እንዳላየን ያልፋል።

ያን ማክሰኞ፣
ጉሙ መስኮቱን ሲልሰው፣
ገቡ ወይዘሮ አትጠገብ፣ የሠላሳ ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ይዘው።
«የባሌን ቤት፣ ልጄ፣ ወደ ስሜ አዙርልኝ።»
«የባልዎ ስም ማን ነው?»
«ሣህሉ። ሣህሉ ጥሩነህ በልልኝ።»

ጻፍሁ። ፈለግሁ።
ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ፣ አራት ሰው አወጣ፤
አራት ሣህሉ ጥሩነህ፣ ከአንድ ቤት የመጣ።
አንዱ በንጉሡ ሠ፣ በሃሌታው ሀ፣ ግብሩን የከፈለ፤
አንዱ በእሳቱ ሰ፣ የስድስት ዓመት ውዝፍ ያዘለ፤
ሦስተኛው በሐመሩ ሐ፣ ቤት አልባ፣ ቦታ የሚጠብቅ፤
አራተኛው፣
ሳሕሉ፣ ሞቷል። ቀኑ አይታወቅ።

ቀኑስ ነበር፤ ካርዱ ይናገራል፣ «ጳጉሜን አራት» ብሎ፤
አዲሱ ሥርዓት ግን ዓመትን በአሥራ ሁለት ከፍሎ፣
«ይህ ወር የለም» አለ፣ ቀይ መስመር ስሎ።
እንዴ! በጳጉሜን ሞት አይመጣም?
ደመወዝ ነው እንጂ የሌለው፣ መልአኩ ፈቃድ አይወጣም።

ዲማ ቅኔ የቆጠረው ይርሳው ቢኖር ኖሮ፣
«ሣህል በንጉሡ ነው!» ይል ነበር ጣቱን ቀስሮ።
ከእሱ ወዲያ የመጣው ሁሉ እንደመሰለው፣
አንዱን ሰው በየጣቱ አራት አደረገው።

ካርዱን ሳገላብጥ፣ ዳር ላይ፣ በእርሳስ፣ የደበዘዘ ነገር፦
«በሬው ሞቶበታል። ግብሩ ለጥር ይደር።»
ይህን የት ልክተተው?
«አስተያየት» የሚል ሳጥን አለ፤ አሥር ፊደል ያስገባል፤
የበሬው ሞት ይበቃዋል፣ ሣህሉ ደጅ ይቀራል።

ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርሁት።
«የትኛው ነው፣ እማማ፣ የእርስዎ?»
አዩ አራቱን፣ በሩን እንዳንኳኳ እንግዳ፤
«እኔ እንጃ» አሉ፣ «ይህስ የእናንተ ዕዳ።
ደጅ ቆሜ ስጠራው ለእራት፣
አንድ ሰው ነበር የሚመጣው፤ አልነበረም አራት።»

ሰማያዊ አዝራር አለ፤ «አዋህድ» ይላል፤
ሥልጣኑ የኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ሥልጠና ሄዷል፤
የይለፍ ቃሉን ግን በብጣሽ ወረቀት ስክሪኑ ጥግ ለጥፎታል።

ተጫንሁት።
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤
መብራት ሄደ፤
ባትሪው ሦስቴ ጮኸ፤
ከጠረጴዛ ሥር ማንኮራፋቱ ቀረ።

እንዲህ ያለ ዝምታ በዚህ ቤት ሰምቼ አላውቅም።
«ጨረስህ?» አሉኝ።
«እንጃ፣ እማማ። መብራት ሲመጣ
ምናልባት አንድ፣ ምናልባት አምስት ሆኖ ይወጣ።»

ወንበር ሳቡ፣ ፌስታሉን አድርገው ከጭናቸው ላዩ፤
«ድሮም አምሽቶ ነው የሚገባው» አሉ፣ በር በሩን እያዩ።