በአውራ ጣት

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት ይጠፋል።
የነስሩ ግራይንደር ጩኸቱን ይውጣል።
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
መንደሩ ከጩኸቱ እንደ እንቅልፍ ሲነቃ፣
ማስኩን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ጓንቱን እያራገፈ፣
የእጁን ሥራ ታቅፎ ሁሉም ተሰለፈ
ከጋሽ ሞላልኝ ደጃፍ፣ ከሞርሳው አጠገብ፣
የሳምንቱን ድካም ሊያስነብብ።

ፈተና አይደለም ይሄ፤ የለውም ሽልማት፤
ያመጡትን ማሳየት፣ ያጠፉትን ማውራት።

ነስሩ በእጅ ጋሪ የግቢ በር አመጣ፤
አናቱ ላይ ፀሐይ፣ ከስምንት ቁራጭ ፌሮ ጎብጣ።
«ደንበኛው የፈለገው አንበሳ ነበረ፤
ሞከርኩት፤ ፊቱ ግን ላም ሆኖ ቀረ።»

ዘርትሁን፣ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
በቀን የባንክ ብር፣ በማታ ላሜራ ቆጣሪ፣
አንድ ወንበር አመጣች፣ ከአሮጌ ብስክሌት፤
ደወሉም እንዳለ ነው፤ «ስትነሱ ደውሉት!»

ጉተማ ባዶ እጁን ነው። ሥራው ሜዳ ላይ ቆሟል፤
ጋሪ ነው፣ የአህያ፤ ፍሬን ተሠርቶለታል።
(አህያዋ እስካሁን ነገሩ ግር ብሏታል።)

ወሬው እንደ ሁልጊዜው፦ ኤሌክትሮድ ተወደደ፤
ላሜራው ሳስቶ መጣ፣ ገና ሲነኩት ተቀደደ፤
እርጥበት የገባውን ፀሐይ ላይ ማስጣት፤
ቱቦላሬ እንዳይጣመም ነጥብ ነጥብ መምታት።

እኔ የፊዚክስ መምህር፤ መሣሪያዬ ጠመኔ፤
ስለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሃያ ዓመት አወራሁ፣ ሳላየው በዓይኔ።
ዘንድሮ ነው የገባኝ፣ ዓይኔ አሸዋ ሞልቶ፣
ሚስቴ የላጠችው ድንች ሽፋሽፍቴ ላይ ተኝቶ።

ጋሽ ሞላልኝ ግን አያይም። አርባ ዓመት ያየው እሳት
ቀስ በቀስ፣ ሳይጣደፍ፣ ዓይኑን ወስዶበት፣
ዛሬ ብርሃንን ከጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤
ሥራችንን የሚያነብበው በአውራ ጣቱ ነው።
«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ» ይላል ሰው፤
እሱ ግን ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠይቀው።

የነስሩን ፀሐይ ዳሰሰ፣ ጨረር በጨረር፤
«ሰባተኛዋ ላይ ስልክህ ጠርቶ ነበር።»
የዘርትሁንን ስፌት ዳር እስከ ዳር ሄደበት፣
ተመለሰ፣ ደገመው፣ ምንም ሳይል ቆየበት፤
«ይህቺ ልጅ ስትበይድ ትተነፍሳለች» አለ።
ከዚህ የበለጠ ሙገሳ እሱ ቤት የታለ?

ተራው የእኔ ሆነ።
የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ አንጉላሬ፣ ለትምህርት ቤት፤
ከታች በስቼው ነበር፣ ከረንቱ በዝቶበት።
ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣
አንቲረስት ቀብቼ፣ ቀለም ደርቤ አልብሼ፣
ማንም እንደማያየው እርግጠኛ ሆኜ መጣሁ።
ለካ የፈራሁት ዓይንን ብቻ ነው፤ ጣትን ረሳሁ።

ጣቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።
በጥፍሩ ኳ አደረገ፤ አዳምጦ ደገመ።
«እዚህ ጋ ፈራህ» አለኝ።
አልተቆጣም፤ አልሳቀም፤ ሌላ ቃል አልጨመረልኝ።

ግድግዳውን ዳብሶ ከምስማር አወረደ
የመሰላል መርገጫ፣ አንድ ጎኑ የተቀደደ።
የራሱ ሥራ ነው፤ ያለ ቀለም ያኖረው፤
ከላይ ስፌቱ ውብ ነው፣ የዓሣ ቅርፊት ነው፤
ከውስጥ ባዶ።
«በሃያ ሦስት ዓመቴ። ለግንበኛው ለሽብሩ።
እስካሁን እያነከሰ ያልፋል፤ ሰላም ይለኛል ከበሩ።
ሰላም ባይለኝ ይሻል ነበር» አለና ሳቅ ሞከረ፤
አልሆነለትም፣ ቀረ።

ድንገት መብራት መጣ። ማዶ ወፍጮው አጓራ፤
ነስሩ ከወንበሩ ደውሎ ተነሣ፣ ሮጠ ወደ ሥራ።
ጉተማ ፍሬኑን ፈታ፤ አህያዋ አመነታች፣
ኋላ ግን ቁልቁለቱን በልኳ ወረደች።

እኔም ፍሌክስ ተውሼ፣ መነጽሬን አጥብቄ፣
ቀለሙን ገፈፍኩት፣ እስከ ቀዳዳው ዘልቄ።
ስቱኮው በነነ፣ ነጭ፤ ጣቴን፣ ቅንድቤን አለበሰኝ፤
ሃያ ዓመት የማውቀው የጠመኔ ብናኝ መሰለኝ።

ቀዳዳዋ ብቻ ቀረች።
ማስኬን ደፋሁ።