የሸለቆው ቧንቧ

ሀረጎን ስንወጣ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ
ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ጭሱ ገና ሳይታይ፤
እንደ አረረ ስኳር፣ እንደ ልጅ ከረሜላ፣
መጀመሪያ ጣፋጭ፣ የሚያንገበግብ ኋላ።
ቀጥሎ ኮፈኑ ነጭ ትንፋሽ ተፋ፣
የሙቀቱ መርፌ ቀዩን መስመር ገፋ።
«አቁም» አለች ጦይባ። አቆምኩ።
ጤፍ የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፈን
ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ
«የጌታ መኪናም ያልበዋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ጌታስ እኔ አይደለሁም።
አጎቴ ሽፋው ነው በሰሊጥ ዘመኑ የገዛት፤
ሲከስር ብሬን መመለስ አቅቶት
ቁልፏን መዳፌ ላይ አኖረው፣ ዓይኔን ሳያይ።
ብሬን አልኩ? የጦይባን ነው።
እቁብ የደረሳት ጊዜ፣ ሳልጠይቃት ያበደርኩት።
ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ያንጠባጥባል፤
ጠብታው አይታይም፣ ልኩ ግን ይጎድላል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ?
እኛን ሳያስቀን ነበር የሚወስደን።

ደሴ ያለው ጋራዥ የጠራው ዋጋ
ባቲ ላይ ሁለት ግመል ይገዛል።
«ሞተሩ መውረድ አለበት» አለኝ።
ውሃ የማያነሳ ወሬ፣ ብዬ ወጣሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ማሽን ሲያስል በጆሮዬ ያከምኩ ሰው ነኝ!

ቅዳሜ ማለዳ ግራሩ ሥር አቆምኳት፣
አሮጌ ውሃዋን በሳፋ ቀዳሁላት፤
ብርቱካንማ መርዝ። ዶሮዎቹን አባረርኩ።
ብሎን በብሎን ፈታሁ፣
እያንዳንዱን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ፣ ቁጥር ጽፌ።
አንዱ አመለጠኝ፤ ቅጭል፣ ቅጭል ብሎ
ወደማይታይ ቦታ ወረደ፤
በማግኔት ሳጠምደው እኩለ ቀን ሆነ።

የላዩን ሽፋን ሳነሳ ሸለቆው ተገለጠ፤
ግራና ቀኙ እንደ ጦሳና እንደ አዝዋ ገደል ተፋጦ፣
መሃሉን ቦርከና፦ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ።
ጣቴ ገና ሲነካው
እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተፈረካከሰ።
ያ ሁሉ የቆዳ ወንበር፣ ያ ሁሉ የእንጨት ጌጥ፣
የተሸከመው ይህ ነው፣ በጥፍር የሚፈለጥ?

እብሬ ቶርኖ ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው፤
በአሉሚኒየም ቀረጸልኝ፣ ውፍረቱን እያየ
«ይህንስ ልጅህ ይወርሰዋል» አለ።
ልጅ የለኝም። ሂሳቤን ከፈልኩ።

በማግስቱ አዲሱ ገባ፣ ጎሚኒው በሳሙና ለስልሶ።
የኋላዋ ፋሸታ ግን
ከግድግዳው ተጣብቃ ወፍራም ጣቴን እምቢ አለች።
ፒንሳ እምቢ፣ ካቻቢቴ እምቢ፤
ደሙ የእኔ፣ ስድቡ የእኔ።

ጦይባ ከሌሊት ተረኝነት ስትመለስ አጠገቤ ቆመች።
ጤና ጣቢያ ውስጥ የሕፃን ደም ሥር
በዳበሳ የምታገኝ እሷ ናት።
ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝ፤
ክንዷን እስከ ክርኗ ሰደደች፣ ዓይኗን ጨፍና።
ዝም። ብዙ ዝም።
«መጠየቅ ነበረብህ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
ስለ ፋሸታዋ መሰለኝ።
ስለ ፋሸታዋ አልነበረም።
«አዎ» አልኩ።
ቀጭ አለ።

ውሃ ሞላን፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤
መርፌው መሃል ላይ ቆመ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ።
ማታ ከሥሯ የፓስታ ካርቶን አነጠፍን።
ንጋት ላይ ሳንቀጣጠር ሁለታችንም
በነጠላ ጫማ ወጥተን ተንበረከክን።
ደረቅ።
ዳሩ ላይ የአንዲት ዶሮ የጭቃ ኮቴ ብቻ።
ጦይባ ካርቶኑን በመዳፏ ደግማ ዳበሰችው፤
«በል አሁን ሽጣት» አለች፣ «የእቁቤን ልክ።»

ቀለበቷ ከኪሴ ገና አልወጣም ነበር።